የተርኪ ሾትገኔ ለምን ወደ ግራ ይመታል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ለተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ። የምኖረው በቨርጂኒያ ነው። ያገለገለ ባለ 12 ጌጅ ፓምፕ ሾትገን (በአንድ ተኩስ ብዙ ቅንጣቶች የሚረጭ ጠብመንጃ) ገዝቼ፣ ለዱር ተርኪ አደን ተብሎ የሚሸጠውን ጠባብ ቾክ (አፈሙዙ ጫፍ ላይ የሚገባ ማጥበቢያ) ገጠምሁበትና ባለፈው ጸደይ ባለ ሦስት ኢንች ተኩል ማግነም የሚባለውን ኃይለኛ ጥይት ይዤ ጫካ ገባሁ። አንድ ትልቅ ወንድ ተርኪ 25 ያርድ ያህል ቀርቦ አንገቱን ቀጥ አድርጎ ቆሞልኝ ሳለ ተኩሼ ሳትሁት። ከዚያ በኋላ በ40 ያርድ ርቀት ትልቅ ወረቀት ሰቅዬ ብሞክር፣ ቅንጣቶቹ የበረከቱበት ቦታ ካነጣጠርሁበት ነጥብ 8 ኢንች ያህል ወደ ግራ፣ 4 ኢንች ያህል ደግሞ ወደ ላይ ሆኖ አገኘሁት። አንዱ ጓደኛዬ «አፈሙዙ ጠሟል፤ በሁለት ግንድ መካከል አስገብተህ ቀስ ብለህ አቃናው» ይለኛል፤ ሌላው «ወደ ቀኝ አስበልጠህ አነጣጥር» ይለኛል። የማንን ምክር ልስማ? የምተኩሰው በቀኝ ትከሻዬ ነው፤ መነጽርም አደርጋለሁ።

መልስ፦ ለጊዜው የሁለቱንም አይስሙ። ምክንያቱ ሳይታወቅ አፈሙዝ የሚያጎብጥ ሰው አንድ የነበረውን ችግር ሁለት ያደርገዋል፤ ወደ ቀኝ አስበልጦ የሚያነጣጥር ሰው ደግሞ ስሕተቱ ሁልጊዜ ያው ስምንት ኢንች እንደሚሆን ገምቶ ነው የሚተኩሰው፤ ይህ ግምት ትክክል ላይሆን የሚችልበትን ምክንያት ከታች ያገኙታል።

በመጀመሪያ፣ ይህ ጠብመንጃ ከቀድሞው ባለቤቱም ጋር ሳለ ወደ ግራ ሲመታ ኖሮ ሊሆን ይችላል፤ ሰውየው ግን ላያውቀው ይችላል። ፉል የሚባለው የተለመደ ቾክ በ40 ያርድ ላይ ከቅንጣቶቹ 70 በመቶ ያህሉን 30 ኢንች ስፋት ባለው ክብ ውስጥ ስለሚበትን፣ የስምንት ኢንች ስሕተት በዚያ ስፋት ውስጥ ተሸፍኖ ይቀራል። የተርኪ ቾክ ግን ወደ 0.73 ኢንች የሚጠጋውን የአፈሙዝ ውስጣዊ ስፋት ጫፉ ላይ እስከ 0.66 ኢንች ገደማ አጥብቦ ቅንጣቶቹን ስለሚሰበስባቸው፣ ርቀቱ ሲቀርብ የሚመታው ቦታ በጣም ጠባብ ይሆናል። በ40 ያርድ 8 ኢንች የነበረው ስሕተት በ25 ያርድ 5 ኢንች ነው። የተርኪ ጭንቅላትና አንገት ቁመት እንጂ ስፋት የለውም፤ ስለዚህ በአምስት ኢንች የራቀ ጠባብ ተኩስ በአጠገቡ አልፎ ቢሄድ አያስገርምም።

አሁን ወደ ምርመራው እንሂድ። ጥይት መውጣቱን በዓይንዎም በጣትዎም ካረጋገጡ በኋላ አፈሙዙን ከአካሉ ይፍቱትና ከኋላ በኩል ወደ ብርሃን አዙረው ውስጡን ይመልከቱ። ጭቃ፣ የማጽጃ ጨርቅ ቁራጭ ወይም ሌላ ባዕድ ነገር ካለ ይታያል፤ በአንድ ቦታ ላይ የቀለበት ቅርጽ ያለው ጥላ ከታየ ደግሞ አፈሙዙ አብጦ ሊሆን ስለሚችል፣ ባለሙያ ሳያየው አንዲት ጥይት እንኳ አይተኩሱበት። ቀጥሎ ቾኩን ያውጡ። ባገለገለ ጠብመንጃ ላይ የቾኩ ጥርስ በባሩድ ጥላሸት ተሞልቶ መገኘቱ የተለመደ ነው፤ በዚህ ምክንያት ቾኩ እስከ መጨረሻው ሳይገባ ወይም ጥቂት ዘምሞ ሊቀመጥ ይችላል። በማጽጃ ፈሳሽና በብሩሽ አጽድተው፣ ስስ ቅባት ቀብተው፣ መልሰው እስኪቆም ድረስ ያጥብቁት። ቾኩ ለዚሁ ጠብመንጃ የተሠራ መሆኑንም ያረጋግጡ፤ ለምሳሌ ብራውኒንግ የተባለው ፋብሪካ ኢንቬክተርና ኢንቬክተር ፕላስ የሚላቸው ቾኮች ስማቸው ቢመሳሰልም አንዱ በሌላው ቦታ አይገባም። መልሰው ሲገጣጥሙ አፈሙዙን የሚይዘው ክዳን በደንብ መጥበቁን፣ ጫፉ ላይ ያለችው ቢድ የምትባለው ድቡልቡል ማነጣጠሪያም አለመዝመሟን ይመልከቱ። ይህ ሁሉ የአንድ ሰዓት ሥራ እንኳ አይደለም።

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሚገኘው ግን ከብረቱ ላይ ሳይሆን ከጉንጭ ላይ ነው። ቢድ ብቻ ያለው ሾትገን የኋላ ማነጣጠሪያ የለውም፤ የኋላ ማነጣጠሪያው የተኳሹ ዓይን ነው። ዓይን ከአፈሙዙ መስመር ወደ ግራ ከተንሸራተተ ተኩሱ ወደ ግራ ይሄዳል፤ ዓይን ከፍ ካለ ተኩሱም ከፍ ይላል። ስሌቱ ቀላል ነው። ከዓይን እስከ አፈሙዙ ጫፍ 36 ኢንች ያህል ቢሆን፣ 40 ያርድ ደግሞ 1440 ኢንች ስለሆነ፣ የዓይን መንሸራተት ዒላማው ላይ ሲደርስ አርባ እጥፍ ያህል ይሆናል። የእርስዎን 8 ኢንች ለ40 ቢያካፍሉት 0.2 ኢንች ነው፤ ይህም አምስት ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ወደ ላይ ያለው 4 ኢንች ደግሞ ከሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል አይበልጥም። እንግዲህ አፈሙዙ ፍጹም ቀጥ ያለ ቢሆን እንኳ፣ ጉንጭዎ ከሰደፉ ላይ ያን ያህል ብቻ ሳይደርስ ቢቀር በወረቀቱ ላይ ያዩት ስሕተት በሙሉ ሊፈጠር ይችላል። በቀኝ ትከሻው የሚተኩስ ሰው ፊቱ ከሰደፉ በስተግራ ስለሚያርፍ፣ ጉንጩን ሳያስጠጋ ጭንቅላቱን ትንሽ ቀና ካደረገ ስሕተቱ የሚመጣው ወደ ግራና ወደ ላይ ነው። የእርስዎ ወረቀት የሚያሳየውም ይህንኑ ስለሆነ፣ እኔ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህን ነው።

ጭንቅላትን ከሚያስነሡት ምክንያቶች የመጀመሪያው ርግጫ ነው። ባለ ሦስት ኢንች ተኩል ማግነም ከቀላል ፓምፕ ሾትገን ሲተኮስ ትከሻንና ጉንጭን ክፉኛ ይመታል፤ አንድ ሁለት ጊዜ የተመታ ሰው ሳያውቀው ቃታውን ከመሳቡ በፊት ፊቱን ማሸሽ ይጀምራል። እስከ 40 ያርድ ድረስ ላለ ተርኪ ባለ ሦስት ኢንች ጥይት ይበቃል፤ ረዥሙ ጥይት ከተርኪው ይልቅ ተኳሹን የሚጎዳበት ጊዜ ብዙ ነው ብዬ አምናለሁ። ሁለተኛው መነጽርዎ ነው፤ የክፈፉ የላይኛው ጠርዝ እይታዎን ሲጋርድ፣ ዓይን ከጠርዙ በላይ ለማየት ጭንቅላትን ቀና ያስደርጋል። በፊት ላይ የሚጠለቀው መሸፈኛና ወፍራም ጃኬትም ጉንጭን ከሰደፍ ያርቃሉ። የትኛው ዓይንዎ እንደሚመራም ይፈትሹ፦ ሁለት እጅዎን ዘርግተው በመካከላቸው ጠባብ ቀዳዳ ይተዉ፣ በዚያ ቀዳዳ ሩቅ ያለ ነገር በሁለት ዓይን ይዩ፣ ከዚያ ዓይኖችዎን በየተራ ይጨፍኑ። ግራ ዓይን ሲጨፈን ነገሩ ከቀዳዳው ከጠፋ መሪው ግራ ነው። በቀኝ ትከሻ የሚተኩስ የግራ ዓይን መሪ ያለው ሰው ወደ ግራ መምታቱ የታወቀ ነው፤ በሚተኩሱበት ጊዜ ግራ ዓይንን መጨፈን ወይም በመነጽሩ ግራ መስተዋት ላይ ደብዛዛ ቴፕ መለጠፍ ይረዳል።

ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ለመለየት በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ እየቀየሩ ይሞክሩ። የጆሮና የዓይን መከላከያ አድርገው፣ በተኩስ መለማመጃ ቦታ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ የሚይዙበትን እጅ በአሸዋ ከረጢት ላይ ያሳርፉ፤ አፈሙዙ ራሱ ጠንካራ ነገር ላይ ካረፈ ሲተኮስ ይነጥራል፣ ተኩሱንም ወደ ላይ ይወስደዋል። መጀመሪያ በ20 ያርድ፣ ሸክላ ዒላማ የሚተኮስበትን ርካሽና ቀላል ጥይት በሦስት የተለያዩ ወረቀቶች ላይ ይተኩሱ፤ የአንዲት ቅንጣት ቀዳዳ ምንም ስለማትናገር፣ የሚፈልጉት ቅንጣቶቹ የበረከቱበትን መካከል ነው። ሦስቱም በየጊዜው ወደ ግራ 4 ኢንች፣ ወደ ላይ 2 ኢንች ያህል ከሆኑ፣ ስሕተቱ ከርቀቱ ጋር እኩል እየቀነሰ ነው፤ ይህም የማይለዋወጥ የአቅጣጫ ስሕተት ስለሆነ ምክንያቱ ከቾኩ፣ ከአፈሙዙ ወይም ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ከሚደገመው የፊት አቀማመጥ ይሆናል። ቀላሉ ጥይት መካከል ላይ መትቶ ማግነሙ ወደ ግራ ከሄደ፣ ወይም ሦስቱ ወረቀቶች ሦስት የተለያየ ቦታ ከመቱ፣ ጥፋቱን ከራስዎ ይፈልጉ። ይህንኑ በግልጽ የሚያሳይ ሌላ ዘዴ አለ፦ ባሩድ የሌለበት የልምምድ ጥይት ከእውነተኞቹ ጋር ቀላቅሎ ጓደኛዎ እርስዎ ሳያዩ ያጉርስልዎት፤ ባዶው ሲመጣ አፈሙዙ ከወረደ ወይም ጉንጭዎ ከተነሣ፣ ርግጫውን ፈርተው ቀድመው እየተሸማቀቁ ነው።

ስሕተቱ የማይለዋወጥ ሆኖ ከተገኘ ከጠብመንጃው ጋር የመጣውን የፋብሪካ ቾክ መልሰው ይሞክሩ። ተኩሱ ወደ መካከል ከመጣ፣ አዲሱ ቾክ ከአፈሙዙ ቀዳዳ ጋር አንድ መካከል የለውም ማለት ነውና ይለውጡት። ካልመጣ ሌላ ጥሩ ተኳሽ በዚያው ጠብመንጃ ይሞክር፤ በእርሱም እጅ ወደ ግራ ከሄደ ያን ጊዜ አፈሙዙን መጠርጠር ይገባል። አፈሙዝ መቃናት መቻሉ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሥራው በመሣሪያ ጠጋኝ ባለሙያ እጅ፣ በጥቂት በጥቂቱ እየተለካና እየተተኮሰ የሚከናወን እንጂ በግንድ መካከል የሚሠራ አይደለም። ሬድ ዶት (በመስተዋት ላይ ቀይ የብርሃን ነጥብ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ) ወይም ሌላ የሚስተካከል ማነጣጠሪያ መግጠም ብዙ ጊዜ ይቀላል፤ ሬድ ዶት ዓይን በጥቂቱ ቢንሸራተትም ነጥቧ ከተስተካከለችበት ቦታ ብዙ ስለማትለይ፣ ከላይ የተነገረውን የጉንጭ ጣጣ በእጅጉ ያቃልላል።

የሁለተኛው ጓደኛዎ ምክር የሚበላሸው በጫካ ውስጥ ነው። የተርኪ አዳኝ ዛፍ ተደግፎ፣ ጠብመንጃውን በግራ ጉልበቱ ላይ አሳርፎ ይጠብቃል። በቀኝ ትከሻው የሚተኩስ ሰው ወደ ግራ መዞር አይቸግረውም፤ ወፉ በቀኝ በኩል ከመጣ ግን ወገቡ ስለሚጠመዘዝ ጉንጩ ከሰደፉ ይላቀቃል፣ ስሕተቱም በወንበር ላይ ከለካው የተለየ ይሆናል። ስለዚህ ሙከራውን በወንበር ላይ ጨርሰው ሲረኩ፣ መሬት ላይ ተቀምጠው፣ መሸፈኛውንና ጃኬቱን ለብሰው ይድገሙት። ለአደን የሚይዙትን ውድ ጥይት እስከዚህ ድረስ ያቆዩት፤ በተለይ እፍጋቱ ከእርሳስ አንድ ጊዜ ተኩል በላይ የሆነውን የተንግስተን ጥይት ለችግር ፍለጋ ማቃጠል ገንዘብ ማባከን ነው። የቨርጂኒያ የጸደይ አደን በኤፕሪል ሁለተኛ ቅዳሜ ስለሚከፈት ማርች ላይ ቢጀምሩ ይደርሳሉ፤ በብዙ ዓመታት ዐቢይ ጾም ላይ ስለሚውል ግን ሥጋው እስከ ፋሲካ ፍሪዘር ውስጥ መቆየቱ አይቀርም።

ጥያቄ፦ ከኦሃዮ ነው የምጽፈው። በሾትገኔ ላይ የፊትና የኋላ ማነጣጠሪያ አስገጥሜያለሁ፤ በ40 ያርድ 6 ኢንች ወደ ቀኝ ይመታል። የትኛውን ወደየት፣ ምን ያህል ላንቀሳቅስ? ሬድ ዶት ቢሆንስ?

መልስ፦ የኋላው ማነጣጠሪያ የሚንቀሳቀሰው ተኩሱ እንዲሄድ ወደሚፈልጉበት አቅጣጫ ነው፤ የፊተኛው በተቃራኒው። የእርስዎ ተኩስ ወደ ግራ መምጣት ስላለበት የኋላውን ወደ ግራ ይግፉ። መጠኑን ለማወቅ ስሕተቱን በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ባለው ርቀት አባዝተው ለዒላማው ርቀት ያካፍሉ፤ በመካከላቸው 24 ኢንች ካለ፣ 6 በ24 ተባዝቶ ለ1440 ሲካፈል 0.1 ኢንች፣ ማለትም ሁለት ሚሊ ሜትር ተኩል ይሆናል። በሬድ ዶት ማስተካከያው የሚለካው ኤም ኦ ኤ በሚባል የማዕዘን መለኪያ ነው፤ አንድ ኤም ኦ ኤ በ100 ያርድ አንድ ኢንች ያህል ስለሆነ በ40 ያርድ 0.4 ኢንች ገደማ ነው፤ የማስተካከያው ብሎን እያንዳንዷ ጠቅታ አንድ ኤም ኦ ኤ ከሆነች 14 ወይም 15 ጠቅታ ያስፈልግዎታል። የጠቅታው መጠን ከመሣሪያ ወደ መሣሪያ ስለሚለያይ መመሪያውን ይመልከቱ። ማስተካከያው እስከ ዳር ሄዶ አሁንም ካልበቃ መግጠሚያው ወይም አፈሙዙ ጠማማ ነውና ወደ ባለሙያ ይውሰዱት። ሬድ ዶቱ የተሰካው በጠብመንጃው አካል ላይ ከሆነ ደግሞ አፈሙዙ ለጽዳት ተፈትቶ በተመለሰ ቁጥር ሁለቱ እንደ ቀድሞው ላይገጥሙ ስለሚችሉ፣ ወደ አደን ከመውጣትዎ በፊት አንድ ጥይት በወረቀት ላይ ተኩሰው ያረጋግጡ።