ትልቁ ትንሹን «ይስባል» ወይስ «ይሳሳባሉ»?

ጠያቂያችን የፊዚክስ መምህር ናቸው። ሰሌዳ ላይ «መሬትና ድንጋይ ይሳሳባሉ» ብለው ቢጽፉ አንድ ባልደረባቸው «ተሳሳበ የአቻዎች ግስ ነው፤ ድንጋይን ከመሬት ጋር ማን አስተካከለው? መሬት ድንጋይን ትስባለች ይበሉ» ሲል ተቃወማቸው። ማን ትክክል ነው? ይላሉ።

እርስዎ ነዎት፣ መምህር። ይህን «የአቻዎች ግስ» የሚሉትን ፈሊጥ ከዚህ በፊትም ሰምቼዋለሁ፤ መሠረት የለውም። ተደራራጊ አዕማድ፣ ማለትም እንደ «ተሳሳበ» ያለው የግስ መልክ፣ የሚጠይቀው ድርጊቱ ከሁለቱም ወገን መነሣቱን ነው እንጂ የባለቤቶቹን ቁመት አይለካም። አያትና የልጅ ልጅ ይሳሳሙ የለም እንዴ?

«ሳመ»ን ያነሣሁት በዘፈቀደ አይደለም። ሳመ ከግእዙ ሰዐመ፣ ላከ ከለአከ፣ ሳበም ከሰሐበ የወረዱ ናቸው። የጉሮሮው ፊደል (ዐ፣ አ፣ ሐ) ሲጠፋ የፊተኛውን ፊደል ራብዕ፣ ማለትም እንደ «ሳ» አራተኛ ድምፅ፣ አድርጎት ሄደ። ገደለ ተደራራጊ ሲሆን «ገ»ን ወደ «ጋ» አዙሮ ተጋደለ ይላል፤ ሳበ ግን ቀድሞውኑ ራብዕ ነውና «ተሳበ» ቢል ተደራጊ፣ ማለትም ሌላ የሳበው፣ ይሆንበታል። ስለዚህ «ሳ»ን ደግሞ ተሳሳበ አለ። አደራዎን፣ ሁለተኛዋን «ሳ» «ሰ» እንዳያደርጓት፦ «መሬትና ጨረቃ ይሳሰባሉ» ካሉ አንዷ ለሌላዋ ታስባለች ወይም ሒሳብ ይተሳሰባሉ ማለት ነው። ያኛው ከሐሰበ የመጣ ነው፤ ሐሰበና ሰሐበ ፊደላቸው አንድ ሆኖ ቅደም ተከተሉ ብቻ የተለዋወጠ መሆኑ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ባልደረባዎ የተሳሳቱት በሰዋስው ብቻ አይደለም። ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ባሳተመው ሥራው እንዳስቀመጠው ኃይሉ ከሁለቱም ወገን እኩል ነው። መሬት አንድ ኪሎግራም ድንጋይን በ9.8 ኒውተን (በስሙ የተጠራ የኃይል መለኪያ) ገደማ ስትስብ፣ ድንጋዩም መሬትን በዚያው ልክ ይስባል። የሚለያየው የሚከተለው እንቅስቃሴ ነው፦ የመሬት መጠነ ቁስ በኪሎግራም 6 ተብሎ ከኋላው 24 ዜሮ ቢደረደር ነውና ወደ ድንጋዩ መንቀሳቀሷን የሚለካ መሣሪያ የለም። በጨረቃ ግን ይታወቃል። የጨረቃ መጠነ ቁስ የመሬት 1/81 ገደማ ቢሆንም መሬትን ባለችበት አትተዋትም፤ ሁለቱም የሚዞሩት ከመሬት እምብርት 4,700 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በምትገኝ፣ ከመሬት ሆድ ግን ባልወጣች አንዲት ነጥብ ዙሪያ ነው።

«መሬት ጨረቃን ትስባለች» ማለትም ውሸት አይደለም፤ ግማሹን መናገር ነው። «ጨረቃ ከመሬት ጋር ትሳሳባለች» ሲሉ ደግሞ ግሱ ነጠላ ሆኖ ጨረቃ ባለቤት ትሆናለች፤ ስለ ጨረቃ በሚያስተምሩበት ቀን ይህ ያምራል። «እርስ በርሳቸው ይሳሳባሉ» የሚለውን ግን ይተዉልኝ፤ ተደራራጊነቱ ግሱ ውስጥ አለ።

እኔን ቢጠይቁኝ «ስበት» የሚለውን ስም ራሱን «መሳሳብ» ብዬ በለወጥሁት ነበር፤ ስበት ሳቢና ተሳቢ ያስመስላል። «ግስበት» የሚሉም አሉ፤ ጆሮዬ እምቢ ብሎታል፣ ሌላ ምክንያት የለኝም። ነገር ግን «የመሬት ስበት» መማሪያ መጽሐፉንም የተማሪውንም አፍ ይዟል። ስሙን እንደ ለመዱት ይበሉት፤ ግሱን ግን ለእኔ ይተዉልኝ።