የዓባይ በረሃ ድንጋዮች፦ ጥያቄና መልስ

ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን ስለሚወስደው ገደል ከጠየቃችሁኝ የተወሰኑትን መልሻለሁ።

ወደ ድልድዩ ስንወርድ የገደሉ ቀለም ለምን ይለዋወጣል?

በወረዳችሁ ቁጥር ወደ ጥንት ዘመን እየገባችሁ ነው። አናቱ ላይ ያለው ጥቁር ባዛልት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የፈሰሰ ላቫ ነው። ከሥሩ ያሉት ግን ደለል አለቶች ናቸው፤ አሸዋ፣ ጭቃና የባሕር ዝቃጭ ተደራርቦ የጠጠረባቸው። መጀመሪያ አሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ በሃ ድንጋይ፣ ከዚያ ጅብሰም (የጄሶ ድንጋይ) ያለበት ንብርብር ይመጣል። ወንዙ አጠገብ የምታዩት ቀላ ያለ ገደል የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ይባላል። ዕድሜው 200 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው።

አዲግራት እዚህ ምን አገባው?

ስሙን ያወጣው እንግሊዛዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ ብላንፎርድ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. ከመቅደላ ዘማቹ ጦር ጋር መጥቶ የትግራይን ድንጋዮች አጠና። እዚህ ያለው በሃ ድንጋይም ያኔ በሰጠው ስም የሕንጣሎ በሃ ድንጋይ ይባላል። ጦር ተከትሎ የመጣ ሰው ያወጣው ስም እስከ ዛሬ መቆየቱ ይገርማል።

በሃ ድንጋዩ ውስጥ ዛጎል አየሁ። ባሕር ነበር እንዴ?

አዎ፣ ነበር። በጁራሲክ ዘመን (ዳይኖሰሮች በነበሩበት ጊዜ) አካባቢው ዝቅ ያለ ነበር፤ ባሕሩም በምሥራቅ በኩል ገባ። መጀመሪያ ጥልቀት የሌለው ውሃ በፀሐይ እየተነነ ጅብሰም አስቀረ። ደናክል ላይ ዛሬም እንዲሁ ጨው ይቀራል። ባሕሩ ሲጠልቅ ደግሞ የዛጎልና የኮራል ስብርባሪ ተከማቸ። ደጋው ከፍ ያለው ከዚያ በጣም ዘግይቶ ነው። የሙገር ሲሚንቶም ከዚሁ በሃ ድንጋይ ነው የሚመረተው። ዛጎሉን ግን እባክህ እዚያው ተወው፤ ቅርስ ነው።

መንገዱ በየክረምቱ የሚንሸራተተው በኮንትራክተር ጥፋት ነው?

ሁሉንም በኮንትራክተር ላይ አትጫኑ። የጭቃ ድንጋይ ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ ጅብሰምም በውሃ ይሟሟል። ከላይ ደግሞ ከባዛልቱ የተፈረፈረ ልል አፈርና ቋጥኝ ተጭኖበታል። ዝናቡ ሲበረታ ጎኑ ይንሸራተታል።

የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትም ከዚህ ድንጋይ ናቸው?

አይደሉም፣ የእሳተ ገሞራ አለት ናቸው። አሸዋ ድንጋይ የተፈለፈለበትን ማየት ከፈለጋችሁ ገርዓልታ ሂዱ።

ነዳጅስ?

ኦጋዴን፣ ካሉብ ላይ የተፈጥሮ ጋዝ ከተገኘባቸው አለቶች አንዱ ይኸው የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ነው። እዚያ ግን በጥልቁ ተቀብሮ፣ ከላዩ ተከድኗል። እዚህ ወንዙ ከላይ እስከ ታች ቆርጦ ከፍቶታል፤ በገደሉ ዳር ጋዝ አምቆ የሚይዝ ክዳን አልቀረም።