ዋንጫውን ያለ ሜዳው ያነሳው ፋሲል፦ ስለ 2013ቱ ፕሪምየር ሊግ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ስለ 2013ቱ የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ካልኩ ወዲህ ጥያቄው ዘንቧል። ያን ዓመት ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ መጨረሻው ደብተር ይዤ ነበር የተከታተልኩት። ኮሮና ቤት ያስዋለው ሰው ምን ሌላ ሥራ አለው? ወደ መልሱ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ልናገር። ዋንጫውን የወሰደው የጎንደሩ ክለብ ፋሲል ከነማ ነው፤ እኔ ግን የጎንደር ልጅ አይደለሁም። ኋላ «ለፋሲል አዳላህ» እንዳትሉኝ።

ሊጉ ለምን 13 ክለብ ብቻ ሆነ? ሌላ ቁጥር ጠፍቶ ነው?

ቁጥሩን ማንም አልመረጠውም። የ2012 ውድድር በኮሮና ምክንያት መሀል ላይ ተሰረዘ። ሻምፒዮን የለም፣ ወራጅ የለም። ስለዚህ በ2013 የነበሩት 16 ክለቦች እንዳሉ ይቀጥላሉ ተብሎ ነበር። ጥቅምት ላይ ግን ትግራይ ውስጥ ጦርነት ተነሳ። መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ አዲግራት ዩኒቨርሲቲና ስሑል ሽረ መምጣት አልቻሉም። ውድድሩ ታህሳስ 3 ሲጀመር የቀሩት 13 ነበሩ።

ቁጥሩ ጎዶሎ ስለሆነ በየሳምንቱ አንድ ክለብ ያርፋል። ሊጉ 26 ሳምንት ፈጀ፣ እያንዳንዱ ክለብ ግን 24 ጨዋታ ነው ያደረገው። በጠቅላላው 156 ጨዋታ። የደረጃ ሰንጠረዡን በየሳምንቱ ማንበብ ራሱ ፈተና ነበር። አንዱ አርፎ ሌላው አንድ ጨዋታ ቀድሞ፣ ማን እየመራ እንደሆነ በጣት ስንቆጥር ነው የከረምነው።

ሦስት ክለብ በሌለበት የተገኘ ዋንጫ እንደ ሙሉ ዋንጫ ይቆጠራል ወይ? (ጠያቂው የመቐለ ደጋፊ ነኝ ብሏል)

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ይገባኛል። 2011 ላይ ዋንጫውን ያነሳው የአንተ ክለብ ነው። 2012 ደግሞ ሻምፒዮን አልነበረውም። ስለዚህ 2013 ሲጀመር የመጨረሻው ባለ ዋንጫ መቐለ ነበር፣ እሱ ደግሞ ሜዳ ላይ የለም። ዋንጫውን ተሸንፎ ሳይሆን ሳይጫወት ነው ያጣው። ይሄ መረሳት የለበትም።

የፋሲልን ዋንጫ ግን ከዚህ የተነሳ ጎዶሎ ነው አልልም። ክለብ የሚጫወተው ከመጣለት ጋር ነው። ፋሲል ደግሞ ከመጡት ሁሉ ጋር ተጫውቶ ሁለተኛውን ከ10 ነጥብ በላይ ጥሎት ሄደ። እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነገር ነው። 2011 ላይ መቐለ ፋሲልን የበለጠው በአንድ ነጥብ ብቻ ነበር። ያ ፉክክር ሁለተኛ ዙር ይገባው ነበር፤ አላየነውም። የትግራይ ክለቦች ወደ ሊጉ የተመለሱት ከዓመታት በኋላ፣ በ2017 ነው።

ሁሉም በአንድ ከተማ ተሰብስቦ መጫወቱ ፍትሃዊ ነበር? የሜዳ ጥቅም ለአንዳንዱ ተሰጥቶ ለሌላው አልተነፈገም?

ከመጡት ጥያቄዎች ሁሉ በጣም የወደድኩት ይሄንን ነው። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። ሊጉ አዲስ አበባ ስታዲየም ላይ ተጀመረ። ከዚያ ሁሉም ክለብ ሻንጣውን ይዞ ጅማ ገባ። ከጅማ ባህር ዳር፣ ከባህር ዳር ድሬዳዋ፣ ከድሬዳዋ ሐዋሳ። እዚያው ሐዋሳ ላይ ግንቦት ውስጥ አለቀ። በየከተማው ለተወሰኑ ሳምንታት ይቀመጣሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይነሳሉ። ምክንያቱ አንድም ኮሮና ነው፤ ተጫዋቹን መመርመርና መከታተል አንድ ቦታ ላይ ሲሆን ይቀላል። አንድም ቴሌቪዥኑ ነው። ካሜራውን ሁሉ ይዞ በሳምንት ስድስት ከተማ መሮጥ አይቻልም።

አሁን ወደ ሜዳ ጥቅም እንምጣ። አዲስ አበባ ሲሆን ጊዮርጊስና ቡና ቤታቸው ናቸው። ጅማ ሲሆን አባ ጅፋር፣ ባህር ዳር ሲሆን የጣና ሞገዶቹ (ባህር ዳር ከተማ)፣ ድሬ ሲሆን ብርቱካናማዎቹ (ድሬዳዋ ከተማ)፣ ሐዋሳ ሲሆን ሐይቆቹ (ሐዋሳ ከተማ)። ሆሳዕና፣ ሶዶ፣ ወልቂጤ፣ አዳማ ግን አንድም ቀን ውድድሩ አልደረሰባቸውም። ጎንደርም እንደዚሁ። ይሄን ልብ በሉት። ሻምፒዮኑ ካደረጋቸው 24 ጨዋታዎች አንዱም ፋሲለደስ ስታዲየም ላይ አልተካሄደም። አፄዎቹ ዋንጫ ያነሱት ዓመቱን ሙሉ እንግዳ ሆነው ነው።

በሌላው ጫፍ ጅማን እዩት። ከተማው ውድድሩን አስተናግዷል። ክለቡ ግን ከመጨረሻዎቹ ሦስት አንዱ ሆኖ ጨረሰ። 2010 ላይ ገና ከታች እንዳደገ ዋንጫ የወሰደው ያው ጅማ አባ ጅፋር! ስለዚህ «ያስተናገደ ተጠቀመ» የሚለው ወሬ በሰንጠረዡ ላይ አይታይም።

የእኔ ግምት፣ ዘዴው የረዳው ወጥ አጨዋወት ያለውንና የተጠባባቂ ወንበሩ ሰፊ የሆነውን ነው። አስቡት እስቲ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፣ ብርድ ነው። ድሬዳዋ ወደ 1,200 ሜትር ገደማ ነው፣ ሙቀቱ ያቀልጣል። በአንድ ዓመት ውስጥ ይሄን ሁሉ መላመድ አለብህ። ቤትህ ላይ ነጥብ ሰብስበህ ከሜዳ ውጪ አቻ ለመውጣት የምትጫወት ክለብ ከሆንክ ዘዴህ ፈረሰ። ፋሲል ሜዳው ቢለዋወጥም አጨዋወቱ አልተለዋወጠም።

የተከፈለው ዋጋ ግን ቀላል አይደለም። የስታዲየም በር ገቢ ቀረ። የጎንደር ደጋፊ ዋንጫውን በስክሪን ነው ያየው። ሶዶ ላይ ዕድሜ ልኩን ቅዳሜ ቅዳሜ ስታዲየም ይገባ የነበረ ሰውዬ፣ ክለቡ ከከተማው ጠፍቶበት ከረመ። ለአንድ ዓመት ይሁን ብለን ነበር። ዘዴው ግን ከኮሮናም በኋላ ቀጠለ፣ ይሄ ነው የማልስማማበት።

እስቲ ስለ አቡኪ ንገረን። 29 ጎል እውነት ነው ወይስ ደጋፊ ያጋነነው? (የቡና ደጋፊ፣ መርካቶ)

እውነት ነው፣ ወዳጄ። የቡናው አጥቂ አቡበከር ናስር በ21 ዓመቱ 29 ጎል አገባ። ክለቡ ያደረገው ጨዋታ 24 መሆኑን አትርሱ። በጨዋታ ከአንድ ጎል በላይ ማለት ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ክብረ ወሰን 25 ነበር፣ ጌታነህ ከበደ 2009 ላይ በደደቢት ያስመዘገበው። ከዚያ በፊት ደግሞ የዮርዳኖስ ዓባይ 24 ነበር ለዓመታት የቆየው። ጌታነህ ዮርዳኖስን በአንድ አለፈ፣ አቡበከር ጌታነህን በአራት። ያውም ባጠረ ሊግ።

የአሰልጣኙን የካሳዬ አራጌን ድርሻ ግን አትርሱ። ቡና ከበረኛው ጀምሮ በአጭር ቅብብል ነው የሚወጣው። አንዳንዴ ደጋፊው ራሱ ልቡ እስኪወድቅ ድረስ የግብ ክልላቸው ውስጥ ይነካካሉ። በዚያ ምክንያት የተቆጠረባቸውም አለ። ግን ያ ቅብብል ተሳክቶ መሀሉን ሲያልፍ አቡኪ ኳሱን የሚያገኘው ክፍት ቦታ ላይ ነው። ቡና ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። ልጁም ቆይቶ ወደ ደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ሄደ።

እኛ ሪያድ ያለነው አንዱንም ጨዋታ በቀጥታ ማየት አልቻልንም። ለምን?

እህቴ፣ የብዙ ሰው ቅሬታ ነው። 2013 ሊጉ ለመጀመሪያ ጊዜ ለዲኤስቲቪ የተሸጠበት ዓመት ነው። ውሉ ለአምስት ዓመት፣ 22.5 ሚሊዮን ዶላር። ሊጉም የስም ስፖንሰር አግኝቶ «ቤትኪንግ የኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ» ተባለ። ዲኤስቲቪ ግን አገልግሎቱ ከሰሐራ በታች ላለው አፍሪካ ነው። ሪያድ፣ ዱባይ፣ ዋሽንግተን ያለ ሰው በመደበኛው መንገድ አያገኘውም። አገር ቤት ያለውም ቢሆን ዲኮደር ከሌለው ካፌ ገብቶ ማየት ነበረበት። በሻይ ዋጋ ማለት ነው።

ቢሆንም ዓመቱ ትልቅ ለውጥ ነበር። ከዚያ በፊት የሊጉን ጨዋታ በሬዲዮ ሰምተን «ጎሉ እንዴት ገባ?» ብለን ስንከራከር ነው ያደግነው። አሁን ድጋሚ ምስል አለ፣ በአማርኛ የሚተላለፍ ጨዋታ አለ። ዳኛ ላይ የሚነሳው ጭቅጭቅ ግን አልቀነሰም። እንዲያውም ማስረጃ አገኘ።

ጊዮርጊስ ምን ነካው ያን ዓመት?

አሰልጣኝ ማፈራረቅ። ጀርመናዊው ኤርነስት ሚደንዶርፕ ሊጉ ሳይጀመር ሄደ። ደቡብ አፍሪካዊው ማሂር ዴቪድስ ጀመረ፣ አልጨረሰም። ወደ ማብቂያው ስኮትላንዳዊው ፍራንክ ናታል መጣ። የፈረሰኞቹ ደጋፊዎች አትዘኑ፤ የሚቀጥሉትን ሁለት ዓመታት ተከታታይ ዋንጫ ወስዳችኋል። እኛም ያኔ በቂ ሰምተናችኋል።

ማን ወረደ?

ማንም። የመጨረሻዎቹ ሦስቱ አዳማ፣ ጅማ አባ ጅፋርና ወልቂጤ ነበሩ። ግን የትግራይ ክለቦች ቦታ ባዶ ስለነበር፣ ሦስቱ ከከፍተኛ ሊጉ (ከፕሪምየር ሊጉ ቀጥሎ ካለው እርከን) ከመጡ ሦስት ክለቦች ጋር ሐዋሳ ላይ የማሟያ ውድድር አደረጉ። ሦስቱም ተረፉ። በቀጥታ ያደጉት አዲስ አበባ ከተማ፣ አርባ ምንጭና መከላከያ ናቸው። 13 ሲደመር ሦስት፣ 16። ሊጉ ወደ ቁጥሩ ተመለሰ።

የፋሲል ዋንጫ የስዩም ከበደ ነው ወይስ የውበቱ አባተ?

ያን ዓመት አሰልጣኙ ስዩም ነበር፤ በወረቀት የስዩም ነው፣ በእኔ ሚዛንም የስዩም ነው። የቀድሞው አሰልጣኝ ውበቱ 2011 ላይ ቡድኑን ለአንድ ነጥብ የቀረበ ተፎካካሪ አድርጎታል፣ ያንን አልክድም። ስዩም ግን የተቀበለውን አላፈረሰም። አዲስ የመጣ አሰልጣኝ ሁሉ «የእኔ አሻራ» እያለ የሚሠራውን ያውቃሉ መቼም። ያሬድ ባየህ ከኋላ፣ ሱራፌል ዳኛቸው መሀል፣ ሽመክት ጉግሳ በክንፍ፣ ሙጂብ ቃሲም ከፊት። ግብ ጠባቂው ማሊያዊው ሚኬል ሳማኬ። የምናውቃቸው ስሞች ናቸው፣ ጥቅሙም እሱ ነበር።

ሊጉ ለብሔራዊ ቡድኑ ጠቅሞታል?

ያኔ በጣም። ውበቱ ብሔራዊ ቡድኑን ይዞ ነበር፣ ተጫዋቾቹም በብዛት ከዚሁ ሊግ ናቸው። በአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ መጋቢት 15 ባህር ዳር ላይ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 ሸኘናት። መጋቢት 21 አቢጃን ላይ በአይቮሪ ኮስት 3 ለ 1 እየተመራን ዳኛው ሜዳ ላይ ወደቁ፣ ጨዋታው ወደ 80ኛው ደቂቃ ላይ ተቋረጠ። ሰዉ ሁሉ ጆሮውን ወደ ሌላው የምድቡ ጨዋታ አዞረ። ማዳጋስካር ከኒጀር 0 ለ 0። አለፍን! ተሸንፎ የጨፈረ ሕዝብ እኛን አየሁ። ከስምንት ዓመት በኋላ ነበር ወደ አፍሪካ ዋንጫ የተመለስነው።

ፋሲል አፍሪካ ላይ ለምን ቶሎ ወደቀ?

የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ዕጣው የሱዳኑን አል ሂላል ሰጠው። ባህር ዳር 2 ለ 2፣ ኦምዱርማን 1 ለ 1። ሁለት ጨዋታ፣ አንድም ሽንፈት የለም፣ ከሜዳ ውጪ በተቆጠረ ጎል ሕግ ወጣ። ምን ትላለህ?

አንድ ጨዋታ ብቻ ደግመህ ማየት ብትችል?

አላመነታም፤ የመጀመሪያው ዙር የሸገር ደርቢ። ቡና 3፣ ጊዮርጊስ 2። ሦስቱንም አቡበከር። ያየሁት ሰፈር ውስጥ ያለች ጠባብ ካፌ ውስጥ ነው፣ ርቀት ጠብቁ ተብለን በየወንበሩ ተበታትነን ተቀምጠን ነበር። ሦስተኛው ጎል ሲገባ ወንበሩም ርቀቱም ማስኩም የት እንደገባ እንጃ። ባለቤቷ «ኧረ ኮሮና! ኮሮና!» እያለች ስትጮህ፣ የማላውቀው ሰውዬ አንገቴን አቅፎ እያለቀሰ ነበር።