ኮንሰርት ለሚጠብቃቸው ወጣት የኳየር አባላት

ውድ ልጆቼ፣

የሥራ ዘመኔን በአብዛኛው ያሳለፍኩት ከትምህርትና ከሥራ ሰዓት ውጭ ለዜማ ፍቅር ብለው የሚሰባሰቡ ሰዎችን በመምራት ስለሆነ፣ ኮንሰርት ሲቃረብ የሚመጣውን ጥድፊያ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ሁሉም ሰው ዝማሬውን ከዳር እስከ ዳር ደጋግሞ ማዜም ይፈልጋል። እኔ ግን በእነዚያ ሳምንታት ከምንም በላይ እርስ በርስ መደማመጥን እንድትለማመዱ እመክራችኋለሁ።

ያለ አጃቢ መሣሪያ የሚያዜም ኳየር ቅኝቱ ሳይታወቀው ዝቅ ይላል፤ በዝማሬው መጨረሻ ፒያኖ ነክታችሁ ስታመሳክሩ ግማሽ ድምፅ (በፒያኖ ላይ ከአንድ ቁልፍ እስከ አጠገቡ ቁልፍ ያለው ርቀት) ወርዳችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ። ብዙ ጀማሪዎች ድምፅን ከፍ ማድረግ መፍትሔ ይመስላቸዋል፣ ነገር ግን የሚጮህ ሰው ጎረቤቱን ስለማይሰማ ችግሩ ይባባሳል። መውረዱ የሚጀምረው አንድ ድምፅ ሲደጋገም፣ ዜማው በደረጃ ወደ ታች ሲሄድና በሐረጉ መጨረሻ ትንፋሽ ሲያጥር ነው። እነዚህን ቦታዎች ለይታችሁ በለሆሳስ አዚሟቸው፤ ቤዞች (ዝቅተኞቹ የወንድ ድምፆች) ድምፃቸውን ይዘው ይቆዩ፣ ቴነርና አልቶ (መካከለኞቹ ድምፆች) በላዩ ይጨመሩ፣ ሶፕራኖ (ከፍተኛው ድምፅ) በመጨረሻ ይግባ፣ ኮርዱም (በአንድነት የሚሰሙት ድምፆች) መርገብገቡን ትቶ እስኪረጋ ድረስ አትቀጥሉ። ፒያኖው እስከ መጨረሻው ሳምንት እያንዳንዱን ድምፅ እየደገመ እንዲያጅባችሁም አትፍቀዱ፤ በፒያኖ ላይ ያለው ትልቁ ሦስተኛ (ለምሳሌ ከዶ እስከ ሚ ያለው ርቀት) ሳይርገበገብ ከሚሰማው ከንጹሑ በ14 ሴንት ያህል ይሰፋል (ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው)፣ ስለዚህ ሁልጊዜ በፒያኖ የተደገፈ ጆሮ ንጹሑን ኮርድ ሳይለምደው ይቀራል።

ቅኝቱ ተስተካክሎም ኮርዱ የማይዋሐድ ከሆነ አናባቢዎችን መርምሩ፤ ግማሹ አባል አፉን በሰፊው ከፍቶ ግማሹ አጥብቦ «ኣ» ካለ ስምምነት አይኖርም። በ«ስ» የሚያልቅ ቃል ደግሞ በየትኛው ምት እንደሚዘጋ በእርሳስ ኖታው ላይ ጻፉ፣ አለበለዚያ ከየረድፉ ተራ በተራ ፉጨት ይሰማል። በረጅም ሐረግ ከጎናችሁ ካለው ሰው ጋር በአንድ ጊዜ አትተንፍሱ፤ ስትመለሱም ቀስ ብላችሁ ግቡ።

ኖታ ማንበብ የማይችል ባልደረባ ካላችሁ፣ ድምፃቸውን በሚገባ በሚያውቁ ሁለት ሰዎች መካከል ይቁም። በመጨረሻው ሳምንት ሰው መቀነስን እኔ ፈጽሞ አልደግፍም፤ ለዜማ ፍቅር ብሎ የመጣን ሰው ማሳፈር በኔ እምነት ከማንኛውም የተሳሳተ ኖታ ይከፋል።

አዳራሹ ባዶ ሲሆንና በሰው ሲሞላ አንድ ዓይነት አይደለም። የታዳሚው አካልና ልብስ ድምፅን ስለሚመጥ በልምምድ ጊዜ ያስተጋባ የነበረው ዝማሬ በዕለቱ ደረቅ ሆኖ ይሰማችኋል፤ ይህን ቀድማችሁ ካላወቃችሁ ደንግጣችሁ ጉሮሯችሁን ታስጨንቃላችሁ። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚጓዝም፣ በሰፊ መድረክ ላይ ከሌላኛው ዳር የሚመጣውን ድምፅ የሚጠብቅ ሰው ይዘገያል፤ ምቱን ከመሪው እጅ ውሰዱ።

በመጨረሻው አጠቃላይ ልምምድ ላይ ከፍተኛዎቹን ድምፆች በሙሉ ኃይል አታዚሙ፤ አንድ ኦክታቭ (ከአንድ ዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለው ርቀት) ዝቅ አድርጋችሁ ማለፍ ትችላላችሁ፣ መሪያችሁም ይህን ሳይነግራችሁ ቢቀር ራሳችሁ ፈቃድ ጠይቁት።