ድምፅ አልባ ፊልም እያየህ እንቅልፍ ከጣለህ

«ድምፅ አልባ ፊልም ሦስቴ ሞክሬ በአስር ደቂቃ እንቅልፍ ጣለኝ፣ ከየትኛው ልጀምር?» ላልከው ወንድሜ፦ እኔም እንዳንተው ነበርኩ። የዳንኩት ከእናቴ ጋር ሳይ ነው።

ያየነው «ዌይ ዳውን ኢስት» የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1920 የወጣ የአሜሪካ ፊልም ነው። ዳይሬክተሩ ግሪፊዝ ነው (አዎ፣ በ1915 በሠራው ፊልም ኩ ክለክስ ክላን የሚባለውን የነጭ ዘረኞች ቡድን ጀግና አድርጎ ያሳየው ሰውዬ)። እናቴ እንግሊዝኛ ስለማታነብ በየመሃሉ የሚመጣውን ጽሑፍ ጮክ ብዬ በአማርኛ እነግራት ነበር። ዘዴው በቃ ይሄ ነው። እያወራህ አትተኛም።

አና የደሃ ልጅ ነች። ሌኖክስ የሚባል ሀብታም በሐሰተኛ ቄስ «ያገባታል»። እናቴ እዚህ ጋ አላስጨረሰችኝም። «ሽማግሌ ሳይልክ? ዘመድ ሳይሰማ?» ከዚያ አና ታረግዛለች፣ ሰውዬው ይክዳታል፣ ማንም በማያውቃት ቦታ ትወልዳለች። ልጁ ሊሞትባት ሲል አጠገቧ ቄስ የለም። ራሷ ውሃ ይዛ ታጠምቀዋለች። ልጅ በአርባና በሰማንያ ቀን ክርስትና በሚነሳበት ቤት ላደገ ሰው ይሄ ማብራሪያ አይፈልግም። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ዝም አለች። ያኔ እኔም ማንበቤን አቆምኩ፤ አናን ሆና የምትሠራው የሊሊያን ጊሽ ፊት ይበቃ ነበር።

ቀጥሎ አና አንድ ገበሬ ቤት ተቀጥራ ትገባለች፣ የቤቱ ልጅ ዴቪድም ይወዳታል። መሃል ላይ ያሉት የመንደር ቀልዶች አያስቁም፣ እለፋቸው። የመንደሩ ወሬኛ ጉዷን ስታወጣው ግን ተመልሰህ ተቀመጥ። አባትየው በዚያ ውርጭ ሌሊት በሩን በጣቱ ያሳያታል። እሷም ከመውጣቷ በፊት ዞራ፣ ማዕዱ ላይ በክብር የተቀመጠውን እንግዳ ትጠቁማለች። ሌኖክስ ነው። እናቴ «እሰይ!» ብላ አጨበጨበች።

አና በውርጩ ወጥታ ወንዝ ላይ በሚንሳፈፍ በረዶ ላይ ራሷን ስታ ትወድቃለች። በረዶው አብዛኛው አሜሪካ፣ ቨርሞንት ውስጥ የተቀረጸ የእውነት በረዶ ነው። እጇና ፀጉሯ ውሃው ውስጥ ይነከር ያለችው ራሷ ጊሽ ነች፣ እጇም በዚህ የተነሳ ዕድሜዋን ሙሉ አስቸግሯታል። እሱን እያወቅክ እየው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ። ፊልሙ የባለቤትነት መብቱ ስላለፈ ኢንተርኔት ላይ ብዙ ዓይነት ኮፒ አለ። የተቆራረጠውን ተወው፤ ታድሶ ሙዚቃ ያለውንና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ የሚሆነውን ፈልግ። ካሜራው በእጅ ይሽከረከር ስለነበር ፍጥነቱ ካልተስተካከለ ሰዎቹ ሁሉ የሚሯሯጡ ይመስላሉ፣ ልቅሶው ሳይቀር ያስቅሃል። ያንተም እንቅልፍ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

መጨረሻ ላይ ዴቪድ ያድናታል፣ አባትየውም ይቅርታ ይጠይቃታል። እኔ ደስ ብሎኝ ወደ እናቴ ዞርኩ። እሷ ግን አልተዋጠላትም። «እንዲህ በቀላሉ?» አለች። «ድንጋይ ተሸክሞ መምጣት ነበረበት።»