የአባትሽን አምፕ ማንም ሳይነካካው በፊት

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ማለት አቃተኝ። አባትሽ ትተውልሽ የሄዱት አሮጌ የጃፓን አምፕሊፋየር ነው፤ ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣው። ቤት ስትቀይሩ ወንድምሽ ሰካው። ጧ አለ፣ ትንሽ ሸተተ፣ ከዚያ ጸጥ። ላሠራው፣ ልሽጠው ወይስ ለቆራሌው ልስጠው ነው ያልሽው። አብዛኛው ሰው "ጣይውና በብሉቱዝ የሚሠራ ግዢ" ብሎሻል። እኔ አሠርቻለሁም፣ ሸጫለሁም፣ ለቆራሌው ሰጥቻለሁም። በተራ በተራ ልንገርሽ።

1. ድጋሚ እንዳትሰኪው። "እስቲ ምናልባት ከሠራ" ብሎ መሞከር የለም። ፊውዙ ተቃጥሎ ካገኛችሁትም በሽቦ ወይም በሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልሎ መሰካት የሚባለውን የሰፈር ጥበብ ተዉት። ፊውዙ የተቃጠለው ሌላው እንዲተርፍ ነው።

2. ጀርባውን እዪ። "120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ" የሚል ካለ የተቃጠለበት ምክንያት ታወቀ፤ የእኛ ኮረንቲ 220 ነው፣ እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረው። ወንድምሽ ላይ ግን አትፍረጂ። ሱቅ የሚሸጧት ያቺ ትንሽ አዳፕተር የምትቀይረው የሶኬቱን ቅርፅ ብቻ ነው፤ ቮልቱን አትነካም። ሻጭ ይሄን አይነግርሽም። አንዳንድ የዚያ ዘመን ዕቃዎች ደግሞ ጀርባቸው ላይ በካቻቢቴ የምትዞር የቮልት መምረጫ አላቸው። ካለው ምን ላይ እንደቆመች ተመልከቺ።

ዋናው ጥያቄ ትራንስፎርመሩ፣ ያ ቮልቱን የሚቀይረው ከባዱ የሽቦ ጥቅልል፣ ተርፏል ወይ ነው። ድምፁን የሚያጎላው ትራንዚስተር ይገኛል፣ ኮረንቲ የሚያጠራቅመው ኮንዴንሰር ይገኛል፣ ፊውዝማ ሞልቷል። በፈረንጆቹ 1970ዎቹ ለተሠራ ዕቃ ትክክለኛውን ትራንስፎርመር ማግኘት ግን ጭንቅ ነው። የተቃጠለ ቫርኒሽ ከሸተተሽ መጥፎ ምልክት ነው። ቴስተር ያለው ሰው ካገኘሽ፣ ዕቃው ከግድግዳ ተነቅሎ፣ ደህና ፊውዝ ገብቶለት፣ ማብሪያው ተጭኖ በራሱ ሶኬት ሁለት ጥርሶች መካከል ይለካልሽ። ጥቂት ኦም ካሳየ ጥቅልሉ አልተበጠሰም። ምንም ካላሳየ ግን ወይ ትራንስፎርመሩ ነው፣ ወይ ማብሪያው ነው፣ ወይ ገመዱ። ትራንስፎርመሩ ቢሆንም ሞተር የሚጠመጥሙ ሰዎች አሉ። ጎበዝ ከሆኑ በ220 ጠምጥመውልሽ ከአሜሪካ ኮረንቲ ጣጣ ትገላገያለሽ። ዋጋውን ቀድመሽ ተነጋገሪ እንጂ።

3. ከቤት ሳይወጣ ፎቶ አንሺው። ከውጭ ብቻ አይደለም፤ ክዳኑን አስከፍተሽ ውስጡንም። ከተነቀለ በኋላም ትልልቆቹ ኮንዴንሰሮች ኮረንቲ ይዘው ሊቆዩ ስለሚችሉ እጅ አይግባ። ትራንዚስተሮቹ ላይ ያለው ቁጥር እስኪነበብ ድረስ አቅርበሽ አንሺ። ለምን እንዲህ እንደምጨቃጨቅ ልንገርሽ።

የኔው አምፕ የሞተው በአንድ ጎኑ ነበር። ግራው ይዘፍናል፣ ቀኙ ዝም። መብራት ሄዶ ሲመለስ ነው የሆነው፤ ያን አመላለስ ታውቂዋለሽ። ሰው ወደ ጠቆመኝ ጥገና ቤት ወሰድኩት። ስሙን አልጠራም፣ ዛሬም ይሠራል። ሰውየው ቀና ብሎም አላየኝ። "አስቀምጠውና ሂድ" አለኝ። ደረሰኝ ብለው ሳቀ። ቅድሚያ ክፍያውን ግን ሳይስቅ ተቀበለ። ከዚያ "ነገ ና" ተጀመረ። ስሄድ "ዕቃው መርካቶ ጠፍቷል"። ደግሞ ስሄድ "የያዘው ልጅ የለም"። አንድ ቀን ድምፄን ከፍ ባደርግ "ከቸኮልክ ይዘህ ሂድ፣ እኛ ሥራ አለን" አለኝ፣ ሰው ፊት።

በመጨረሻ ሰጡኝ። ይዘፍናል። ደስ ብሎኝ ወሰድኩት። ብዙም ሳይቆይ እንግዳ ቤት ሞልቶ እያለ ጓ አለና ቀኙን ስፒከር ይዞት ሄደ። ስፒከሩ ደግሞ ከአምፑ ይወደድ ነበር! ተመልሼ ብሄድ መልሳቸው "ድምፅ አብዝተህ ነው" ሆነ።

ሁለተኛው ባለሙያ ቤታቸው የሚሠሩ አንድ አዛውንት ናቸው። ከፍተው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። የገቡት ትራንዚስተሮች ሲ5200 እና ኤ1943 ተብሎ የተጻፈባቸው ፎርጅዶች ነበሩ። የቶሺባዎቹ እውነተኞች ጠንካሮች ናቸው፤ በጣም የሚፎርጁትም ለዚያ ነው። አንዱን በፒንሳ ሰብረው አሳዩኝ። ውስጡ ያለችው ቺፕ የምስር ክክ አታህልም። ይሄ ብቻ ቢሆን ባልከፋኝ። ደህና ከነበረው ከግራው ጎንም ኦሪጅናሎቹ ወጥተው ፎርጅድ ተተክቶባቸዋል። በግልጽ አማርኛ ተሰርቄያለሁ። ፎቶ የሌለው ሰው ምን ይዞ ይከራከራል?

ከሁሉ የባሰው ግን መከላከያው ነው። ደህና አምፕ ስታበሪው ጥቂት ሰከንድ ቆይቶ "ቀጭ" ይላል። ሪሌዩ ነው፤ ውስጥ ችግር ካለ ስፒከሩን አያገናኝም። እነዚህ ሰዎች "ቀጭ" አልል ሲላቸው ምክንያቱን እንደ መፈለግ በሽቦ ዘለሉት። ስለዚህ ፎርጅዱ ትራንዚስተር ሾርት ሲያደርግ ኮረንቲው ያለምንም ከልካይ ስፒከሬ ላይ ወረደ።

አዛውንቱ የሠሩበትን መንገድ ልብ በዪ፣ ዕቃሽን የምትሰጪውን ሰው በዚህ ትለዪዋለሽ። መጀመሪያ ሲያበሩት በቀጥታ ግድግዳ ላይ አልሰኩትም። ኮረንቲውን በባለ 100 ዋት አምፖል በኩል አሳለፉት፤ የድሮው ክር ያለው እንጂ ኤልኢዲ አይሆንም። አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ደህና ነው። ቦግ ብሎ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ፤ አምፖሉ ግን ኮረንቲውን ስለሚገድበው ሌላ ነገር አይቃጠልም። ከዚያ ስፒከር ሳያገናኙ የመውጫውን ዲሲ፣ ማለትም ስፒከር የሚያቃጥለውን ቀጥተኛ ኮረንቲ፣ ለኩ። ከ50 ሚሊቮልት በታች መሆኑን አይተው ነው "አሁን ስፒከርህን አምጣ" ያሉኝ። አንቺም ሰውየውን "በአምፖል ነው የምትሞክረው?" ብለሽ ጠይቂው። ምን እያልሽ እንደሆነ ካልገባው አመስግነሽ ውጪ። የወጡትን አሮጌ ዕቃዎችም በላስቲክ አድርጎ እንዲመልስልሽ ቀድመሽ ንገሪው። የማያደርግ ከሆነ ፊቱ ላይ ታውቂዋለሽ።

ያ አምፕ ዛሬም ቤቴ ይዘፍናል። ጎረቤቴ ባለቀለም መብራት ስፒከር ገዝቶ ሊያወዳድር መጥቶ ነበር። አሁን ስለ ስፒከሩ አያወራም።

4. መሸጥ ካማረሽ አሁኑኑ፣ እንዳለ ሽጪው። የተበላሸና ማንም ያልነካው አምፕ፣ ተጠግኖ ከተበላሸው የተሻለ ዋጋ ያወጣል። የሚያውቅ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው "ተነካክቷል?" ብሎ ነው። ሌላ አንድ አምፕ ቴሌግራም ላይ "አይሠራም፣ አልተጠገነም" ብዬ ከውስጡ ፎቶ ጋር ለጥፌው በደህና ዋጋ ሄዷል። "ለስፔር ይሆነኛል" ብሎ በሳንቲም የሚጠይቅሽን ግን እለፊው፤ ለስፔር የሚፈልገው እነዚያኑ ኦሪጅናል ትራንዚስተሮች ነው። የኔ መለኪያ ይሄ ነው፦ ጥገናው ዕቃው ቢሠራ ከሚያወጣው ግማሽ ካለፈ እሸጣለሁ። የአባት ዕቃ ከሆነ ግን ይሄን መለኪያ እኔም አልጠቀምበትም።

ለቆራሌው የሰጠሁት ባለ ብዙ ስፒከር ፕላስቲክ ሆም ቴአትር ነበር። ቦርዱ ተቃጥሎ፣ ምትክ ጠፍቶ፣ ለምን እደክማለሁ? ኤስቲኬ የሚባለው አይሲ፣ የብዙ ትራንዚስተር ሥራ በአንድ የያዘው ዕቃ፣ የሞተበትንም ብዙ አልለፋበትም፤ ፋብሪካው ማምረት ካቆመ ቆይቷል፣ ገበያ ላይ ያለው በአብዛኛው ፎርጅድ ነው። ያንቺው ግን ከባድ ከሆነ፣ ትልቅ ትራንስፎርመር ካለው፣ ምናለሽ ተራ ሄዶ በመዳብ ኪሎ የሚመዘን ዕቃ አይደለም።

ካሠራሽውና በ120 የሚሠራ ሆኖ ከቀረ፣ 220ውን ወደ 120 የሚያወርድ ኮንቨርተር ግዢለት። ጀርባው ላይ ከተጻፈው ዋት በግማሽ የሚበልጥ ይሁን፤ 400 ካለ 600 ያዢ። ገመዱ ላይም "120" ብለሽ በወፍራሙ ጻፊበት፣ ወንድምሽ እንዳይረሳ። አባትሽ ከአሜሪካ የመጣ የሸክላ ማጫወቻም ትተው ከሆነ ኮንቨርተሩ ብቻውን ላይበቃው ይችላል። ቮልቱን እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፤ የእኛ 50 ነው፣ የአሜሪካው 60። ፍጥነቱ በኸርዝ የሚወሰን የድሮ ሞተር ካለው በደቂቃ 33 ዙር የነበረው ወደ 28 ይወርዳል፣ ዘፈኑም ይጎተታል። ካለሽ ሞዴሉን ጻፊልኝና አይቼ እነግርሻለሁ።