ከትልቅ ኤርፖርት ስትወጪ፦ የተራ ታክሲ ወይስ በአፕ የሚጠራው?

እህታችን፣ ሁለት ልጆችና አራት ትልልቅ ሻንጣ ይዘሽ ማታ ላይ በማታውቂው ኤርፖርት እንደምትደርሺ ገልጸሽ በር ላይ ተራ ይዞ ከሚጠብቀው ታክሲና በስልክ አፕ ከሚጠራው የቱ እንደሚሻል ጠይቀሻል። ይህን የሚወስነው የድርጅቱ ስም አይደለም። በር ላይ ስትደርሺ ያለው ሰልፍ፣ የስልክሽ ኢንተርኔትና የሻንጣሽ ብዛት ነው።

አፑን ለመጠቀም ካሰብሽ ሳትነሺ ጫኚው፤ ስልክ ቁጥርሽን አረጋግጪ፣ የባንክ ካርድሽንም አስገቢ። ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው። የማረጋገጫ ኮዱ የሚላከው በተመዘገበው ቁጥር ስለሆነ፣ ሲም ከቀየርሽ ወይም ሮሚንግ (ቁጥርሽ ከአገር ውጭም እንዲሠራ የሚያደርገውን አገልግሎት) ካልከፈትሽ አይደርስሽም። የኤርፖርቱ ነፃ ዋይፋይ ደግሞ ብዙ ጊዜ አዳራሹ ውስጥ ይሠራል እንጂ መኪና ማቆሚያው ድረስ አይከተልሽም። ሾፌሩ "የት ነሽ?" ብሎ ሲጽፍልሽ መስመሩ ተቋርጦ ይጠብቅሻል። የራስሽ ዳታ ከሌለሽ አፑን ተዪውና በቀጥታ ወደ ተራው ሂጂ።

ዋጋን በተመለከተ፣ አፑ ላይ የሚታየው በፈላጊው ብዛት ይወጣል ይወርዳል። በርካታ አውሮፕላኖች ተከታትለው ሲያርፉ ይሰቀላል፤ መንገደኛው ሲቃለል ይመለሳል። ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና ማየት ብዙ ጊዜ ያዋጣል። ሜትር (ሂሳብ ቆጣሪ) ያለው ታክሲ በፈላጊ ብዛት ባይወደድም፣ መንገድ ሲዘጋጋ ቆሞም ይቆጥራል። ስለዚህ በመጨናነቅ ሰዓት ቀድሞ የሚታወቅ ዋጋ ይሻላል። አንዳንድ ኤርፖርቶች ወደ ከተማ የሚወስደውን የታክሲ ዋጋ ቆርጠው ተራው ላይ ይለጥፋሉ፤ ሰሌዳውን ሳታዪ አትሳፈሪ። በሁለቱም በኩል የኤርፖርት መግቢያና የፈጣን መንገድ ክፍያ ሊጨመር እንደሚችል አትርሺ።

ሻንጣሽን ሳትይዢ መኪና አትጥሪ። ሾፌሮች መንገደኛ በሚያነሡበት ቦታ የሚቆሙት ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ከዘገየሽ የመጠበቂያ ይቆጥርብሻል፣ ወይም ጥለውሽ ይሄዱና የመሰረዣ ትከፍያለሽ። ካርታው ላይ ያለውን ነጥብም ብቻውን አትመኚው። የኮንክሪት ጣሪያ የሳተላይቱን ምልክት ያዛባዋል፤ ነጥቡ ትክክል ቢሆን እንኳ የትኛው ፎቅ ላይ እንዳለሽ ለሾፌሩ አይነግረውም። አፑ ከሚዘረዝራቸው ውስጥ ተርሚናሉንና የበሩን ቁጥር ራስሽ ምረጪ። ደግሞም በአፕ የሚጠሩ መኪኖች ብዙ ጊዜ መውጫው በር ድረስ አይመጡም፤ ሌላ ፎቅ ወይም የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ነው የምታገኚያቸው። ልጅና አራት ሻንጣ ይዞ እዚያ ድረስ መሄድ ቀላል አይደለም፤ ለአንቺ ትልቁ ጉዳይ ይኸው ይመስለኛል።

የመኪናው መጠንም አለ። ተራ አውቶሞቢል ከኋላ ሁለት ትልቅ ሻንጣ ያህል ይይዛል፤ በጋዝ የሚሠራ ከሆነ ሲሊንደሩ ቦታውን ስለሚሻማ ከዚያም ያንሳል። ስድስት ሰው የሚጭነውን ምረጪ፤ እናንተ ሦስት ስለሆናችሁ የመጨረሻው ወንበር ታጥፎ ለሻንጣ ይሆናል። የልጅ ወንበር ካስፈለገሽ አስቀድመሽ እዘዢ፤ ብዙ ሾፌር ይዞ አይዞርም።

አዳራሽ ውስጥ "ታክሲ፣ ታክሲ" እያለ ሻንጣሽን የሚይዝ ሰው ደላላ ነው፤ አትከተዪው። በአፕ ለመጣው መኪና ታርጋውን አመሳክሪ። ስምሽን ቀድመሽ አትንገሪው፤ "ማንን ልትወስድ መጣህ?" ብለሽ ጠይቂ። "አፑን ሰርዢና በጥሬ ገንዘብ እንሂድ" ካለ እምቢ በዪ፤ ጉዞው ከተሰረዘ መዝገብ ስለማይኖረው ዕቃ ቢረሳ ወይም ችግር ቢፈጠር አቤት የምትዪበት የለም።

ለአንቺ ሁኔታ የእኔ ምርጫ ተራ አስከባሪ ያለበት የታክሲ ተራ ሄዶ ትልቅ መኪና መጠየቅ ነው። ልብሽ እንዲያርፍ ከፈለግሽ ደግሞ የበረራ ቁጥርሽን ሰጥተሽ ቀድመሽ የምታዢው መኪና አለ። ያን ስታዢ ነፃ የመጠበቂያው ጊዜ አውሮፕላኑ በትክክል ካረፈበት ሰዓት መቆጠሩን አረጋግጪ፤ በፕሮግራሙ ሰዓት ከሆነ በረራሽ በዘገየ ቁጥር ይቆጥርብሻል።